ከአሸዋ በታች ያለው መጽሐፍ፤ የጥንቱ ሥነ ጥበብ ትምህርት በዱባይ፥ በሻርጃና በአጅማን

ሰው ከሞተ በኋላ ስሙ ቶሎ ይረሳል፤ የእጁ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ከስሙ ይልቅ ይቆያል። ማን እንደ ሠራው የማይታወቅ ገንቦ፥ የማን አንገት እንዳጌጠበት የማይታወቅ ዶቃ፥ የማን እጅ እንደ ቀባው የማይታወቅ የዋሻ ሥዕል ከብዙ ሺህ ዘመን በኋላ ከአፈር ወጥቶ ይታያል። በኮሌጅ ለጀማሪዎች የሚሰጠው የጥንቱ የሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርት የሚነሣው ከእነዚህ ስም ከሌላቸው ሥራዎች ነው። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ የሚማረው የታላላቅ ሠዓሊዎችን ስም ሳይሆን፥ ዝም ያለውን ነገር በትዕግሥት መመልከትን ነው።

ይህ ትምህርት በልዩ ልዩ አገር ቢሰጥም መንገዱ ይመሳሰላል። አሜሪካዊቷ ሄለን ጋርድነር በ1926፥ የቪየና ተወላጅ የሆነው ኤርንስት ጎምብሪክ በ1950፥ ሆርስት ጃንሰንም በ1962 ያሳተሟቸው መጻሕፍት ለብዙ ትውልድ መማሪያ ሆነዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተማሪው በእንደዚህ ያሉ መጻሕፍት እየተመራ በፈረንሳይና በእስፓኝ ከሚገኙት ዋሻዎች ይነሣል፤ ወደ ግብፅና ወደ ሜሶጶጣምያ ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ግሪክና ወደ ሮም ይሄዳል። በዚህ ረጅም ጉዞ ውስጥ የዐረብ ምድር ምሥራቃዊ ዳርቻ እምብዛም አይነሣም። መንገደኛ በሌሊት አልፎት እንደሚሄድ መንደር ሳይታይ ይቀራል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሥራ የሚኖሩባቸው ዱባይ፥ ሻርጃና አጅማን በባሕረ ሰላጤው ዳር ጎን ለጎን የተቀመጡ ኤምሬቶች ናቸው። ለሚያያቸው እንግዳ ሁሉ ነገራቸው አዲስ ይመስላል፤ ረጃጅሙ ሕንፃ፥ ሰፊው መንገድ፥ ገበያው ሁሉ የትናንት ሥራ ነው። ከከተማው ወጥቶ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ሐጀር ተራሮች አቅጣጫ የተጓዘ ሰው ግን እጅግ የቆየ የሰው ልጅ መኖሪያ ያገኛል። በሻርጃ በ1997 ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት የጥንት ቅርስ ቤተ መዘክሯ ተከፈተ። እንግዲህ በዚህ አገር ሆኖ ትምህርቱን የሚጀምር ተማሪ በመጽሐፍ የታተመውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ራሱን አይቶ ለመማር ዕድል አለው።

ጀማሪው ተማሪ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሊያቀርብ የሚገባው ጥያቄ በአራት ይጠቃለላል። የት ተገኘ? ከምን ጋር ተገኘ? ከምን ተሠራ? እስከ ዛሬስ ማን ጠበቀው? «ትርጓሜው ምንድር ነው?» የሚለው አምስተኛው ጥያቄ የሚመጣው እነዚህ አራቱ ከተመለሱ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የለወጠ ሰው የጥንቱን ሰው ሳይሆን የራሱን አሳብ ሲያነብ ይኖራል።

ይህ እንዳይሆን የሚያስጠነቅቅ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1879 ማርሴሊኖ ሳንስ ደ ሳውቱኦላ የሚባል እስፓኛዊ ባላባት በአልታሚራ ዋሻ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መሬቱን እየቆፈረ የድንጋይ መሣሪያ ይፈልግ ነበር። አብራው የገባችው ትንሽ ልጁ ማሪያ ግን ቀና ብላ ጣራውን ተመለከተች፤ በጣራውም ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የተሣሉ የዱር በሬዎችን አየች። አባትየው በሚቀጥለው ዓመት ነገሩን በጽሑፍ ሲያወጣ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። የጥንት ሰው እንዲህ ያለ ሥዕል ሊሥል አይችልም ብለው ስለ ወሰኑ፥ ሥዕሉ የቅርብ ጊዜ ማታለያ ነው ተባለ። ሳውቱኦላ እንደ ተጠረጠረ በ1888 ሞተ። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የነበረው ፈረንሳዊው ኤሚል ካርታይያክ መሳሳቱን በጽሑፍ ያመነው በ1902 ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ይቅርታውን የሚሰማ ባለቤት አልነበረም። ሊቃውንቱ ያጡት እውቀትን አልነበረም፤ ከዓይናቸው በፊት ፍርዳቸውን አስቀደሙ እንጂ። ሕፃኒቱ አስቀድማ የያዘችው ፍርድ ስላልነበራት አየች።

ከዚያ ወዲህ የጥንቱ ሥራ ዕድሜ ወደ ኋላ እየራቀ ሄዷል። በደቡብ አፍሪካ በብሎምቦስ ዋሻ መስመር የተጫረበት ቀይ አፈር ተገኝቶ 75,000 ዓመት ያህል እንደሚሆነው ታውቋል። በኢንዶኔዥያ በሱላዌሲ ደሴት ያለ የዱር አሳማ ሥዕል ቢያንስ 51,200 ዓመት እንዳለው በ2024 ተገልጿል። በአገራችንም በድሬዳዋ አጠገብ፥ ፖርክ ኤፒክ ተብሎ በሚጠራው ዋሻ ውስጥ፥ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች ያከማቹትና የፈጩት 40 ኪሎ ግራም ያህል ቀይ አፈር ተገኝቷል። ቀለም መፍጨት በአውሮፓ ብቻ የተጀመረ ጥበብ አለመሆኑን ይህ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ሻርጃ እንመለስ። በሻርጃ ግዛት መካከል የሚገኘው የፋያ ተራራ ዛሬ ደረቅ ነው፤ በጥንት ዘመን ግን ዝናብ በሚበዛባቸው ወቅቶች ሣርና ውኃ ነበረው። በተራራው ሥር ከድንጋይ ጥላ በታች የተቆፈረው መሬት በየንብርብሩ የድንጋይ መሣሪያ ያዘለ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ ውስጥ 125,000 ዓመት ያህል ያስቆጠሩት በ2011 ለዓለም ሊቃውንት ተገለጹ። መርማሪዎቹ የመሣሪያዎቹ አሠራር በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ከሚገኘው ጋር እንደሚቀራረብ ጽፈው፥ ሠሪዎቹ ከአፍሪካ ቀንድ በባብ ኤል መንደብ በኩል የተሻገሩ ሰዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳብ አቀረቡ። የፋያ ምድር በ2025 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በእርግጥ የድንጋይ መሣሪያ ሥዕል አይደለም። ነገር ግን ድንጋዩን በሁለቱም ወገን አስተካክሎ የጠረበው እጅ ሚዛንንና ቅርፅን በሚለይ ዓይን ይመራ ነበር። ይህንም ሁሉ ለማወቅ የተቻለው መሣሪያው በተጣለበት ንብርብር ውስጥ ሳይነካ ስለ ቆየ ነው። ያው ድንጋይ ከመንገድ ዳር ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ዕድሜውን የሚናገርለት ባልተገኘ ነበር። «የት ተገኘ?» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የተቀመጠው ስለዚህ ነው።

ከፋያ ብዙ ሳይርቅ የቡሐይስ ተራራ አለ። በዚያም 7,000 ዓመት ገደማ የሆነው ትልቅ የመቃብር ስፍራ ተቆፍሮ የብዙ መቶ ሰዎች አፅም ወጥቷል። እነዚህ ሰዎች በግ፥ ፍየልና ከብት የሚያረቡ ዘላኖች ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ በስፍራው ይፈልቅ ወደ ነበረው ምንጭ በየዓመቱ እየተመላለሱ ይሰፍሩ ነበር። ያቆሙት ሐውልት፥ የሠሩት ቤተ መንግሥት የለም። የተረፋቸው ጌጥ ግን በሺህ የሚቆጠር ዶቃ ነው፤ ከባሕር ዛጎል፥ ከልዩ ልዩ ድንጋይ የተሠራ፥ ከመካከሉም ሉል የሚገኝበት። ባሕሩ ከስፍራው ሩቅ ነው፤ እንግዲህ ዛጎሉ በእግር ተጉዞ የመጣ ነው።

የቡሐይስ ዶቃ ዋጋው የታወቀው በዕቃው ውበት ብቻ አይደለም። ቆፋሪዎቹ እያንዳንዱን ዶቃ ከተኛበት ሳያንቀሳቅሱ ስለ መዘገቡ፥ ይህኛው የራስ ጌጥ፥ ያኛው የአንገት፥ ሌላው የክንድ ወይም የወገብ መሆኑ ተለየ። ክሩ ከበሰበሰ ሺህ ዘመናት አልፈዋል፤ የዶቃው ሰልፍ ግን ክሩ የነበረበትን መስመር ጠብቆ ተገኘ። ከዚህም በላይ ልብ የሚነካ ነገር አለ። አንዳንዶቹ አፅሞች በሞቱበት ስፍራ የተቀበሩ አልነበሩም፤ ሌላ ቦታ ከሞቱ በኋላ አጥንታቸው ተሰብስቦ ወደ ቡሐይስ መጥቶ ከወገኖቻቸው ጋር የገባ ነው። በሰው አገር የሞተ ዘመዱን አስከሬን ወደ አገሩ ለመመለስ ገንዘብ ሲያዋጣ ያየ ኢትዮጵያዊ የዚያን ዘላን ሕዝብ አሳብ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ይህ ሁሉ የተገኘው «ከምን ጋር ተገኘ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ዶቃው ለብቻው ተለቅሞ በገበያ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ውብ ዶቃ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ተማሪውን ወደ ሜሶጶጣምያ ይወስደዋል። ለጀማሪዎች ከሚታዩት ሥራዎች አንዱ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ2100 ዓመት ገደማ የላጋሽ ገዥ የነበረው የጉዴአ ምስል ነው። በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር የሚገኙት የጉዴአ ምስሎች ከጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ተጠርበው በሚገባ የተወለወሉ ናቸው፤ ገዥው እጆቹን በደረቱ ላይ አጣምሮ በጸጥታ ይታያል። ተማሪው ብዙውን ጊዜ ስለ ጉዴአ ፊት፥ ስለ እጆቹ፥ ስለ ልብሱ እጥፋት ይማራል። ነገር ግን በምስሎቹ ላይ የተቀረፀው ጽሕፈት ድንጋዩ ከየት እንደ መጣ ራሱ ይናገራል፤ ከማጋን ምድር መጣ ይላል። ማጋን የጥንት የሜሶጶጣምያ ሰዎች ዛሬ የተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶችና ዑማን የሚገኙበትን ምድር የሚጠሩበት ስም መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይስማሙበታል። የአካዱ ንጉሥ ሳርጎንም የማጋን መርከቦች ከከተማው ወደብ እንደ ታሰሩ በጽሕፈቱ ተመክቷል።

እንግዲህ ይህ ምድር በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ቢመስልም በመጽሐፉ ሥዕል ውስጥ አለ። የገዥው ስም በምስሉ ላይ ተጽፏል፤ ድንጋዩን ከተራራ የፈነቀለው፥ በትከሻው የተሸከመው፥ በመርከብ የጫነው ሕዝብ ግን ድንጋዩ ራሱ ካልመሰከረለት በቀር ምስክር የለውም። መዳብም እንዲሁ ነው። በሐጀር ተራሮች የሚገኘው መዳብ በዘመነ ነሐስ ወደ ሜሶጶጣምያ ይጫን ነበር፤ በሻርጃ ግዛት በዋዲ አል ሒሎ የጥንት የመዳብ ማቅለጫ ስፍራ ተገኝቷል። ስለዚህ «ከምን ተሠራ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ከጌታው ባሻገር አገልጋዩን፥ ከከተማው ባሻገር ተራራውን ያያል።

የዚያ ዘመን ሰዎች በአጅማን የተዉት ምስክር ደግሞ ከከተማ መንገድ በታች ተኝቶ ነበር። በ1986 በአጅማን በሙወይሃት ሰፈር ለፍሳሽ መውረጃ ቧንቧ መሬት ሲቆፈር ክብ የድንጋይ መቃብር ተገኘ። መቃብሩ ኡም አን ናር በሚባለው ዘመን፥ ይኸውም ከልደተ ክርስቶስ በፊት ከ2600 እስከ 2000 ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። ዘመኑ ስያሜውን ያገኘው የዴንማርክ መርማሪዎች ከ1959 ጀምሮ ከቆፈሩባት በአቡ ዳቢ አጠገብ ከምትገኝ ደሴት ነው። የዚህ ዘመን መቃብሮች በክብ ቅጥር ታጥረው፥ ውስጣቸው በግድግዳ ተከፋፍሎ፥ አንድ ማኅበረ ሰብ ለብዙ ትውልድ ሙታኑን የሚያኖርባቸው ነበሩ። ከእነርሱም በቀይ ሸክላ ላይ በጥቁር ቀለም የተሣለ ገንቦ፥ ከለስላሳ ድንጋይ ተፈልፍሎ ነጥብ ያለበት ክብ የተቀረፀበት ዕቃ፥ እንዲሁም በዮሐንስ ራእይ ስሙ የሚነበበው የሰርድዮን ዕንቍ ዶቃ ይወጣል። ከሙወይሃት የወጣው ዕቃ በአጅማን ቤተ መዘክር ይታያል። ቤተ መዘክሩ የገዥዎቹ መኖሪያ የነበረው አሮጌ ምሽግ ሲሆን በ1981 ለሕዝብ የተከፈተ ነው። ቧንቧ ቀባሪዎቹ ድንጋዩን አፍርሰው ሥራቸውን ቀጥለው ቢሆን ኖሮ፥ አጅማን ከአራት ሺህ ዓመት በላይ የሆነውን የገዛ ታሪኳን ገጽ ሳታነብ ባጣችው ነበር።

በዱባይ ደቡብ በኩል በአሸዋ ክምር መካከል የሚገኘው ሳሩቅ አል ሐዲድ ደግሞ የአምስተኛውን ጥያቄ አደጋ ያስተምራል። ስፍራው የታወቀው በ2002 የዱባይ ገዥ ሼክ ሙሐመድ ቢን ራሺድ አል ማክቱም በሄሊኮፕተር ሲያልፉ የአሸዋውን መልክ አስተውለው ነው። በዘመነ ብረት፥ ከልደተ ክርስቶስ በፊት ሺህ ዓመት በሚሆን ጊዜ፥ በዚያ ሰዎች መዳብና ነሐስ ያቀልጡ ነበር። ሰይፍ፥ ጩቤ፥ የፍላጻ ጫፍ፥ መጥረቢያ፥ ጥቃቅን የወርቅ ጌጣጌጥ በብዛት ወጥቷል። ከዚያ የወጣ አንድ የወርቅ ቀለበት በዱባይ ለተደረገው የ2020 የዓለም ትርኢት ምልክት መነሻ ሆነ፤ ትርኢቱ ግን በወረርሽኙ ምክንያት በ2021 ተከፍቶ በ2022 ተፈጸመ። ዕቃዎቹ በዱባይ በሺንዳጋ ሰፈር በ2016 በተከፈተው ቤተ መዘክር ለሕዝብ ቀርበዋል።

ከሳሩቅ አል ሐዲድ ዕቃዎች መካከል የእባብ ምስል ይገኛል፤ አንዳንዱ ከብረታ ብረት ተቀጥቅጦ የተሠራ፥ አንዳንዱ በሸክላ ዕቃ ላይ የተለጠፈ ነው። እዚያው ዱባይ ውስጥ በአል ቁሰይስም ተመሳሳይ የእባብ ምስሎች ተገኝተዋል። ኦሪት ዘኍልቍን ያነበበ ክርስቲያን የነሐስ እባብ ሲያይ አሳቡ ወዲያው ሙሴ በምድረ በዳ ወደ ሰቀለው እባብ መሄዱ አያስደንቅም። ተማሪው ግን በዚህ ስፍራ ቆም ማለትን ይማራል። ሁለት ነገሮች መመሳሰላቸው ዘመድ መሆናቸውን አያስረዳም። የሳሩቅ አል ሐዲድ ሰዎች ስለ እባቡ ምን እንዳመኑ የሚናገር አንድም ጽሕፈት አልተዉም፤ እባቡ ለእነርሱ የሚፈራ ይሁን የሚለመን፥ የውኃ ምልክት ይሁን የምድር፥ ምስሉ ብቻውን አይመልስም። በማይናገር አፍ ውስጥ ቃል ማስገባት ቀላል ነው፤ እውነተኛ መሆን ግን አይደለም። ከነሐሱ፥ ከስፍራው፥ አብረውት ከተገኙት ዕቃዎች ሊነገር የሚቻለውን ተናግሮ ከዚያ በላይ ዝም ማለት የትምህርቱ ከባድ ክፍል ነው። በአርምሞ የሚኖሩ አባቶች ይህን ክፍል ከተማሪው ይልቅ ያውቁታል።

ጽሕፈት ያለው ነገር ሲገኝ ደግሞ ትምህርቱ መልኩን ይለውጣል። በፋያ ተራራ አጠገብ ያለችው ምለይሃ ከልደተ ክርስቶስ በፊት ከሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ ሦስተኛው መቶ ዓመተ ምሕረት ድረስ የቆየች የንግድ ከተማ ነበረች። ሕዝቧ የሮድስን ደሴት ማኅተም የያዘ የወይን እንስራ ያስመጣ ነበር፤ ባለጠጋ ሲሞት ግመሉና ፈረሱ ከመቃብሩ አጠገብ ይቀበሩ ነበር። የምለይሃ ገንዘብ መልክ የታላቁን እስክንድር ገንዘብ የተከተለ ነው፤ በአንዱ ገጽ የአንበሳ ቆዳ የለበሰ የሄራክሊስ ራስ፥ በሌላው በዙፋን የተቀመጠ ምስል አለበት። ነገር ግን የግሪኩ ንጉሥ ስም ባለበት ፈንታ አቢኤል የሚል የአገሬው ስም ተጽፎበታል። የምለይሃ አንጥረኛ የእንግዳውን መልክ ተቀብሎ የራሱን ስም ጻፈበት። ከመጽሐፉ ብቻ የተማረ ሰው ይህን ገንዘብ ሲያይ «ያልተካነ ሰው የገለበጠው» ብሎ ሊንቀው ይችላል፤ በምለይሃ ቆሞ ያየው ሰው ግን ከሩቅ የመጣውን የራሱ ያደረገ ሕዝብ ምስክርነት ያነብበታል።

በምለይሃ መቃብሮች ላይ በአራማይክ ከተጻፈው ሌላ በደቡብ ዐረብ ፊደል የተቀረፀ ጽሕፈት ተገኝቷል። የግእዝ ፊደል ከዚያ ከደቡብ ዐረብ ፊደል ወገን መሆኑ የታወቀ ነው። በይሓ ድንጋዮች ላይ ያለውን የጥንት ጽሕፈት ያየ ተሳላሚ በሻርጃ ቤተ መዘክር እንዲህ ባለው ድንጋይ ፊት ቢቆም ከዘመዶቹ መካከል ያለ ያህል ሳይሰማው አይቀርም፤ በ፥ ተ፥ አ፥ ዐ የተባሉትን ፊደላት ጥቂት ልብ ብሎ ያየ ይለያቸዋልና። ቋንቋው የእርሱ አይደለም፤ የፊደሉ አጥንት ግን ያው ነው።

የቀረው አራተኛው ጥያቄ ነው፤ ማን ጠበቀው? በዱባይ፥ በሻርጃና በአጅማን የጥንቱን ሥራ የጠበቀው አሸዋ ነው። አሸዋ ታማኝ ጠባቂ ነው፤ ነገር ግን ማንበብ አይችልም፤ የዕቃዎቹን ስም የሚያውቅ ሰው አልቆበታል። የኢትዮጵያ ዕድል ግን ከዚህ ይለያል። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት በጎቻቸው ሥዕል ያለባቸው የብራና መጻሕፍት ናቸው። ሊቃውንት ብዙ ጊዜ ከሺህ ዓመት እንደማይበልጡ ይገምቱ ነበር፤ በራዲዮካርቦን ሲመረመሩ ግን ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተጻፉ ሆነው ተገኙ። በዓለም ላይ ሥዕል ካላቸው የክርስቲያን መጻሕፍት ከቀደምቶቹ መካከል ናቸው። ጻድቁ በአንድ ቀን እንደ ጻፉት የሚተርከው የገዳሙ ትውፊትም የመጽሐፉን ጥንታዊነት ሊቃውንቱ ከማመናቸው አስቀድሞ ይዞ ኖሯል። እነዚህን ወንጌላት የጠበቃቸው አፈር አይደለም፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ አደራ ነው። ስለዚህ አራቱም ጥያቄዎች በአንድ ስፍራ መልስ አላቸው፤ የት እንደ ነበሩ፥ ከምን ጋር እንደ ነበሩ፥ ከምን እንደ ተሠሩ፥ ማን እንደ ጠበቃቸው ይታወቃል። አምስተኛው ጥያቄም መልስ አያጣም፤ ሥዕሉን ዛሬም የሚያከብሩት ሰዎች አሉና።

አደራው ሲቋረጥ የሚሆነውንም ታሪካችን ያውቃል። በ1868 የእንግሊዝ ሠራዊት መቅደላን ሲይዝ ከዚያ የተወሰዱት በመቶ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ዛሬ በለንደን በጥሩ ሁኔታ ተጠብቀዋል፤ የተሠሩለት ቅዳሴ፥ ያነብባቸው የነበረው ማኅበር ግን አብሮ አልሄደም። በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 ተመልሶ በ2008 በስፍራው ቆመ። በሮም አደባባይ ሳለ ረጅም ድንጋይ ነበር፤ በአክሱም ከወንድሞቹ መካከል ሲቆም ግን እንደ ገና የሚነበብ ሆነ።

የጠፋውን ሁሉ ጠላት ብቻ አላጠፋውም። በፈረንሳይ በ1940 የተገኘው የላስኮ ዋሻ ከዓለም ሁሉ ተመልካች ስለ በዛበት በ1963 ለሕዝብ ተዘጋ። ዘራፊ አልገባበትም፤ ሥዕሉን የጎዳው ሊያደንቀው የገባ ሕዝብ እስትንፋስና የመብራቱ ብርሃን ነው። ይህ ነገር በተለይ ለተሳላሚዎች የሚነገር ነው። በጥንት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል በእጅ መዳሰስ፥ ጧፍን አስጠግቶ ማብራት፥ ለበረከት ብሎ ከግድግዳው ፍርፋሪ መውሰድ ከፍቅር የሚመጣ ቢሆንም ሥዕሉን ይበላዋል። የደበዘዘውን ለማሳመር በአዲስ ቀለም መደረብም የጥንቱን ሠዓሊ ድምፅ ማፈን ነው። አሮጌ መጽሐፍ፥ መስቀል ወይም ጽና ከዕቃ ቤት ሲወጣም ከየትኛው ስፍራ እንደ ተነሣና ከምን ጋር እንደ ነበረ በመዝገብ መጻፍ ይገባል፤ ይህ ለወደፊቱ ተመራማሪ ከወርቅ የሚበልጥ ስጦታ ነው።

በሻርጃ ዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ጀማሪና በገዳም ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዘው አባት በሥራቸው የተራራቁ ይመስላሉ። አንዱ የሚያስተምረው ያጣ ምድር ላይ የቀረውን ጥቂት ነገር ለማንበብ ይደክማል፤ ሁለተኛው ሳይቋረጥ የደረሰውን ብዙ ነገር ይጠብቃል። የሚሠሩት ግን አንድ ሥራ ነው። የቡሐይስ ዶቃ ሰባት ሺህ ዓመት በመስመሩ ቆይቶ የባለቤቱን ጌጥ የተናገረው ማንም ስላላንቀሳቀሰው ነው። በእጃችን ያለውም ነገር ለሚመጣው ትውልድ መናገር የሚችለው ስፍራውን፥ ባልንጀሮቹንና ጠባቂውን ሳያጣ ከቆየ ነው።